ለሮሐ የተፈጨ ገብስ

አሰላ፣ ኅዳር

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? የኖርዌይ ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከጭላሎ የሚወርደው ነፋስ ዘንድሮ ጉንጭ ይልጣል እንጂ ሌላ ክፉ የለም። እናትህ ጉልበታቸው ብሶባቸዋል፤ ምላሳቸው ግን እንደምታውቀው ነው። ኤፍራታ አንደኛ ክፍል ገብታለች። የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ አሮጊት ትመስላለች።

«ወንድሜ» ብዬ መጻፉ አልከበደኝም። አራት ዓመት ለምጄዋለሁ። ስልክ ላይ ወንድሜ፣ ገበያ ላይ ሰው ሲጠይቀኝ ወንድሜ ውጭ አገር ነው። በሽማግሌ ያገባኝን፣ ልጅ የወለድኩለትን ባሌን ወንድሜ ማለት ለምላሴ እንዲህ ይቀለዋል ብዬ አላስብም ነበር።

ያኔ ዲክሲስ ሳለን ያልከኝን አልረሳሁትም። ከሁሩታ በልጅነቷ ኖርዌይ የሄደች ሮሐ የምትባል ልጅ ባል ፍለጋ መጥታለች፤ እኛ በሽማግሌ እንጂ በፊርማ ስላልተጋባን በወረቀት ላጤ ነኝ፤ ሦስት ዓመት ታገሺኝ፣ መኖሪያ ፈቃዴ ሲጸና እፈታትና አንቺንና ልጄን እወስዳለሁ አልከኝ። እናትህም ለልጅሽ ስትይ ቻይው አሉኝ። ቻልኩት። ሁሩታ፣ የሮሐ አባት ቤት ጥሎሹ ሲታይ፣ የሙሽራው እህት ተብዬ ቀሚሱን አንድ በአንድ እየዘረጋሁ ለሴቶቹ ያሳየሁት እኔ ነኝ። እልልታዬም ከሁሉም በላይ ይሰማ ነበር አሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። የዚያን ቀን ማታ እናትህ ጎበዝ ልጅ ብለው ግንባሬን ሳሙኝ።

ኖርዌይ እንደገባህ መጀመሪያ ላይ ታማርር ነበር። ቀኑ ሳይነጋ ይመሻል፣ ጎረቤት ሰላም አይልም፣ ቆሻሻ እንኳ በየዓይነቱ ካልለዩት አይወስዱትም ትለኝ ነበር። አዝንልህ ነበር፣ ሞኟ። ስትደውል ከኋላህ ሶፋው ላይ ታጥፎ የተቀመጠ ብርድ ልብስ አያለሁ። ሮሐ ሥራ ስትሄድ ጠብቀህ፣ እዚህ ነው የምተኛው፣ «የሌሊት ሥራ አለብኝ፣ እንዳልቀሰቅስሽ» ብዬ አሳምኛታለሁ፣ ወገቤን ግን ገደለኝ ትለኛለህ። ያንን ብርድ ልብስ ሳላይ ስልክ አልዘጋም ነበር።

ከዚያ አገሩ ለመደህ። ቋንቋው ገባህ። አውቶቡሱ በደቂቃው እንደሚደርስ፣ በረዶው ላይ ጠጠር እንደሚበተን፣ እግርህ ላይ እንጨት አስረህ መንሸራተት እንደቻልክ ታወራልኝ ጀመር። በረንዳ ላይ ሰላጣ ተከልክ። ዲክሲስ እያለን ጎመኔን ውሃ አጠጣልኝ ስለው ወገቤን የሚለው ሰውዬ! አምና ደግሞ ሶፋውን ለሰው ሰጥተን እነዚህን ገዛን ብለህ ሁለት ጠባብ ወንበሮች አሳየኸኝ። የት ልትተኛ ነው ልልህ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሮሐ አጠገብህ ነበረች። ያምራሉ አልኩህ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ እኔም ዳር ቆሜ አብሬያችሁ ስቄያለሁ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። መስቀል ካለፈ በኋላ ሮሐ ራሷ ደወለችልኝ። ድምጿ ከደስታ ብዛት ይንቀጠቀጣል። እህቴዋ፣ አምስተኛ ወሬን ያዝኩ አለችኝ። የአራስነቴን የገንፎ እህል ከአንቺ እጅ ነው የምፈልገው፣ እንዳንቺ ገብስ የሚያምስ የለም ይላል ወንድምሽ አለችኝ። እኔም ማርያም በሽልም ታውጣሽ አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ? ስልኩን ዘግቼ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። እናትህ ከውስጥ ሆነው፣ ነገረችሽ? አሉኝ። ያውቁ ነበር። ከአንድ ትሪ እየበላን፣ ጉልበታቸውን እያሸሁላቸው ያውቁ ነበር።

ይህንንም እችለው ነበር መሰለኝ። የባሰውን የነገሩኝ በማግስቱ ነው። ሮሐ፣ የእህትህ ልጅ ትምጣልን፣ እዚህ ትማር፣ ለሚወለደውም ታላቅ ትሁነው ብላለች አሉ። አንተም እሺ ብለሃል። እና ኤፍራታ አባቷ ቤት ገብታ አባቷን አጎቴ እያለች ልታድግ፣ እኔ እዚህ ገብስ እያመስኩ ልቀር! እናትህ የልጅሽን ዕድል አትዝጊባት ይሉኛል። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር፤ እንዲህ እንደሚያም ግን አላውቅም ነበር። እኔን መተውህ ይሁን፣ በሰው የደረሰ ነው። ልጄን ከእኔ ወስደህ፣ አባቷንም ከእሷ መደበቅህ ግን ከየት የመጣ ልብ ነው? ሥጋዬ ሁሉ ነው የተቃጠለው። በእናትህ ፊት አላለቀስኩም፤ ጓዳ ገብቼ ነው።

ገብሱን ግን አዘጋጅቻለሁ። የዲክሲስ ገብስ ነው። ፈተግኩት፣ በቀስታ አመስኩት፣ ማንም አይንካብኝ ብዬ ብቻዬን ወፍጮ ቤት ወስጄ አስፈጨሁት። ስፈትግ ብዙ ክፉ ነገር በልቤ አልፏል። ለአራስ የሚሄድ እህል በቂም አይነካም ትል ነበር ሟቿ እናቴ፤ ስለዚህ መሐል ላይ እያቆምኩ፣ እያማተብኩ ጨረስኩት። ሮሐ ምን አደረገችኝ? እሷን ያታለልናት አንተና እኔ ነን። ዱቄቱን የጎረቤታችን ልጅ ፋናዬ ሐሙስ ወደዚያ ስትበር ይዛልህ ትመጣለች። ደብዳቤውን ከአንተ እጅ በቀር ለማንም እንዳትሰጥ አስምያታለሁ። ገንፎውን አንተ አታገንፋው፤ ታጓጉለዋለህ።

ትናንት ኤፍራታን ከትምህርት ቤት ስመልሳት መንገድ ላይ ነገርኳት። አጎትሽ አይደለም፣ አባትሽ ነው አልኳት። ቆም ብላ አየችኝና፣ ታዲያ ለምን አጎቴ በይው አልሽኝ? አለችኝ። ትንሽ ከሄድን በኋላ ደግሞ፣ እሱ ያውቃል? አለችኝ። ያውቃል አልኳት። ከዚያ በኋላ እጄን ለቃ፣ እቤት እስክንደርስ ከፊት ከፊቴ ሄደች።

ቅዳሜ ስትደውሉ ስልኩን የምታነሳው እሷ ናት። ሮሐ እንደ ልማዷ ከጎንህ ትቀመጣለች። ከእንግዲህ ልጄን ምን ብላ እንደምትጠራህ አላስጠናትም። እስከ ቅዳሜ ለሮሐ የምትነግራት ካለህ ከአንተ አፍ ብትሰማው ይሻላል።

ሮሐን በሰላም ያገላግልልን። የሚወለደውን እግዚአብሔር በቁመትና በጤና ያሳድገው። ለአንተም ጤናውን አይንሳህ፤ ከዚያ በላይ የምመርቅህ አጣሁ።

የበኩር ልጅህ እናት