ስምንት ዓመት የቀረው ድረ ገጽና የአክስቴ ግድግዳ

ለተከበሩ የአሮጌ ቤቶች ጥገና ፈቃድ ክፍል ኃላፊ
ሐረር

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላህ። እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ የቢሮዎ ኮምፒውተርም በሙሉ ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ፤ እኛ ጀጎል ውስጥ ያለነው ግድግዳው እስካልወደቀ ድረስ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ።

የምጽፍልዎ ስለ አክስቴ ስለ ወይዘሮ ነኢማ ቤት ነው። የመኝታ ክፍላቸው የድንጋይ ግድግዳ ወደ ውስጥ አዘንብሏል፣ ክረምቱም ገብቷል፤ እሳቸው ግን በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ተድሬ ከገባሁበት ቤት ወጥቼ ሌላ ቦታ አላድርም ብለዋል። ያለ እርስዎ ፈቃድ አንድ ድንጋይ እንደማይነካ፣ ፈቃዱም ከዘንድሮ ጀምሮ በድረ ገጽ ብቻ እንደሚጠየቅ በማስታወቅዎ፣ ወረቀት ተሸክመን ከመመላለስ ስለገላገሉን እናመሰግናለን። አሁን የምንመላለሰው ባዶ እጃችንን ነው።

ቀሪውን ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1. ድረ ገጽዎ አልከፈት ቢለኝ ብሮውዘር እንድቀይር ስለመከሩኝ። ሦስት ቀየርኩ። የቱርክ ድራማው ሳይቀር ሁሉም ይከፈታል፤ የእርስዎ ብቻ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያለ በቀይ ጽሑፍ ይመልሰኛል።

2. የብሮውዘሩን ታሪክ እንዳጠፋ ስላዘዙኝ። አጠፋሁ፤ የይለፍ ቃሎቼ ሁሉ አብረው ጠፉ፣ ቀዩ ጽሑፍ ግን አልጠፋም።

3. ስለ ባለሙያዎ። ኮምፒውተር ጠጋኙ ጎረቤታችን ዮሲ አይቶ፣ የድረ ገጹ የደህንነት ሰርተፍኬት በሜይ 2026 እንዳበቃና ማሳደሱ የአንድ ከሰዓት ሥራ እንደሆነ ነገረኝ። ይህንኑ በጽሑፍ ባመለክት፣ ባለሙያዎ ማኅተም ባረፈበት ደብዳቤ፣ ሰርተፍኬቱ እስከ 2026 እንደሚያገለግል፣ ያለነውም 2018 ላይ በመሆኑ ገና ስምንት ዓመት እንደሚቀረው ገለጹልኝ። መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ ግን፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ፈራሁ፤ ግድግዳው በየትኛው አቆጣጠር እንደሚሄድ አላውቅምና።

4. ሕግ አክባሪ ስላደረጉኝ። በሠርግም በሐዘንም የማይለዩን የአፎቻ ማኅበራችን ሰዎች እሑድ ዕለት ድንጋይና ጭቃ አዘጋጅተው ግድግዳውን ሊያቆሙልን መጥተው ነበር፤ ፈቃድ የለንም ብዬ መለስኳቸው። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ስለዚህ፣ ከሥራ ብዛትዎ መካከል አንዲት ደቂቃ ተርፋዎት ለባለሙያዎ የፈረንጅ ካላንደር ቢያሳዩልን ውለታዎን አንረሳም።

ድረ ገጽዎን ሳታይ የምታከብር፣ ሦስት ብሮውዘር ያላት ዜጋዎ፣
ናፊያ ዓሊዪ
ሐምሌ 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በእኛ አቆጣጠር

ተጨማሪ፦ ይህን ጽፌ ሳልልከው ሐሙስ ረፋድ ላይ ግድግዳው ወደቀ። አክስቴ ውዱእ ሊያደርጉ ግቢ ወጥተው ስለነበር ተረፉ፤ አልጋቸው ከድንጋዩ ሥር ነው። ዛሬ ከቢሮዎ ሰው መጥቶ ያለ ፈቃድ ግድግዳ አፍርሳችኋል የሚል ማስጠንቀቂያ ሰጥቶናል። ቅሬታ ካለን በሦስት ቀን ውስጥ በድረ ገጹ እንድናቀርብ ይላል።