ወንድሜን ከደመኛው ጋር ላስተዋወቁት ክቡር ኃላፊ

ለ«ሊያውቋቸው የሚችሏቸው ሰዎች» ክፍል ክቡር ኃላፊ፣
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ መሥሪያ ቤትዎ ሁሉ ደኅና ይሁኑልኝ። እኛ በቦንጋ፣ ከፍርሃታችን በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። የት እንደምኖር ከእኔ ይልቅ እርስዎ አጥርተው ስለሚያውቁ አድራሻዬን አልጻፍኩም።

ታናሽ ወንድሜ ማዕረግ ካቻምና በክረምት ከሺሺንዳ ገበያ በሞተር ሲመለስ፣ ጭቃው ባሟለጨው ቁልቁለት ላይ ሰለሞን የተባለ የሰፈራችንን ሰው ገጭቶ ገደለ። ሕግ የፈረደበትን ታስሮ ወጥቷል። የሟች ወንድም ኤርምያስ ግን ባገኘው ቀን እንደማይምረው በቀብሩ ላይ ምሏል፤ ስለዚህ ሽማግሌዎቹ በጋሽ ገሠሠ መሪነት፣ እርቁ እስኪያልቅ ሁለቱ ቤተሰቦች እንዳይተያዩ ደነገጉ። ቤተ ክርስቲያን እኛ በላይኛው በር እንገባለን፣ እነሱ በታችኛው። እነሱ በተሳፈሩበት አውቶቡስ እኛ አንሳፈርም። ማዕረግንም ከእኔና ከጋሽ ገሠሠ በቀር ማንም ወደማያውቀው ስፍራ ሸኙት። ዛሬ ስለለቀቀው ብናገር አይጎዳም፤ ደካ ነበር። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ እርስዎን አለማማከራቸው ትልቅ ድፍረት ነውና በእነርሱ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ቅሬታዬም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ. ወንድሜ ብቸኝነት ቢበላው ሰብሃት በሚል ስም፣ ያለ ፎቶ፣ በእርስዎ መተግበሪያ ገጽ ከፈተ። ጓደኛው እኔ ብቻ ነበርኩ። እርስዎም ደግነትዎ አላስችል ብሎዎት ይህን ሰው በኤርምያስ ስልክ ላይ አወጡት፤ ከሥሩም «ደካ፣ የጋራ ጓደኛ፦ ብርቅዬ» ብለው የእኔን ስም ጻፉ። ኤርምያስ አብሮኝ የተማረ ብልህ ሰው ነው፤ አልተቸገረም። ያየውን ገጽ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። አንድም ቃል አልጻፈበትም። ቢሳደብ ኖሮ እንዲህ አልፈራም ነበር።

2ኛ. መተግበሪያውን ስጭን በስልኬ ያሉትን ቁጥሮች ለማየት ፈቃድ ጠይቀውኝ ነበር፤ ጨዋ ሰው ሲጠየቅ እሺ ይላልና እሺ አልኩ። የኤርምያስን ቁጥር ያላጠፋሁት እርቁ ያለቀ ዕለት እኔው ደውዬ ላለቅስለት ስላሰብኩ ነው። እርስዎ ግን ቁጥሩን ሲያዩ ወዳጅነት መሰልዎት። ከአያያዝ ይቀደዳል ማለት ይህ ነው።

3ኛ. አቤቱታዬን ለመሥሪያ ቤትዎ ስጽፍ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ሳልገልጥ መልስ ስለሰጡኝ እጅግ አመሰግናለሁ። መልሱ «አስተያየትዎ ለእኛ ውድ ነው» የሚል ሲሆን፣ ለተደረገልኝ መስተንግዶ ስንት ኮከብ እንደምሰጥም ጠይቀውኛል። አምስት ሰጥቻለሁ። የፈራ ሰው አይቆጥብም።

ጋሽ ገሠሠ ነገሩን ስነግራቸው፣ እነዚህን ሁለት ሰዎች ያገናኘው የትኛው ሽማግሌ እንደሆነ ጠየቁኝ። ሽማግሌ አይደለም፣ ሰውም አይደለም፣ በራሱ የሚሠራ ነገር ነው አልኳቸው። ሰው ቢሆን ኖሮ እግሩ ላይ ወድቀን እንለምነው ነበር አሉኝ። በዕድሜያቸው ስንት ደም ያስታረቁ ሰው ሲፈሩ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። ማን ማንን ማወቅ እንደሚችል እርስዎ ያውቃሉ፤ ማን ማንን ማየት እንደሌለበት የሚያውቁት ግን እሳቸው ነበሩ።

ሥራዎ ይቃና፣ ክፍልዎ ይስፋ፤ እርስዎም በሥውር የሚጠብቁት ወንድም ካለዎት ማንም አያስተዋውቅብዎት እያልኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የጋራ ጓደኛቸው፣
ብርቅዬ
ከቦንጋ

ማሳሰቢያ፦ ፎቶው እንደደረሰኝ ማዕረግ ደካን ለቅቆ እንዲሄድ ደውዬ ነግሬው ወጥቷል፤ ወዴት እንደሄደ እኔም ጋሽ ገሠሠም አናውቅም። ኤርምያስም ከዚያ ወዲህ በሰፈር አልታየም። በመተግበሪያዎ ላይ በወንድሜ ስም አጠገብ ያለችው፣ ገጹን የከፈተ ሰው እንዳለ የምታሳየው አረንጓዴ ነጥብ አሁንም ትበራለች፤ ስደውል ግን አያነሳም። ሁሉን የሚያውቁ እርስዎ ስለሆኑ ሌላ ምንም አልጠይቅም፤ ስልኩን የያዘው ማን እንደሆነ ብቻ ይንገሩኝ።