ሽማግሌዎቼን በአጭሩ መንገድ ስላደረሱልኝ

ለ«ደርሰናል» የጉዞ መተግበሪያ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ እንዲሁም የሰው መንገድ ሲያሳጥር የሚውለው ኮምፒውተርዎ እንደምን ሰነበታችሁ እያልኩ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ስሜ ጸጋ ይባላል፤ በጅማ ከተማ በቾ ቦሬ ትንሽ ሱቅ አለኝ፤ ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ልጄን ያቤፅን ያሳደግሁት በዚችው ሱቅ ነው። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ ላሳጣዎ ብዬ አይደለም፤ ስደውል የምታነሳልኝ ድምፀ መልካም ልጅ የተቀዳች ስለሆነች ብቻ ነው።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ያቤፅ ከጅማ ወጣ ብለው ደዶ የሚኖሩትን የኦቦ ገመቹን ልጅ ሲናን ሊያገባ ይፈልጋል። ልጆቹ ኮሌጅ ተዋውቀው እርስ በርሳቸው ጨርሰዋል፤ የቀረው የአባትየው ፈቃድ ነው፤ እሱ ደግሞ ያለ ሽማግሌ አይጠየቅም። ኦቦ ገመቹ አንዲት ሴት ልጃቸውን አባት ለሌለው ልጅ ለመስጠት ልባቸው እንዳመነታ ሰምቼ ስለነበር፣ የሽማግሌው ምርጫ እንቅልፍ ነሥቶኝ ከረመ። በመጨረሻ ሦስት ሰዎች እሺ አሉኝ፦ ከሁሉም ታላቅ የሆኑት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሼ ኤርሲዶ፣ ጅሬን የሚኖሩት የባለቤቴ ጓደኛ አቶ ዋቅጋሪ፣ እና ሂርማታ የሚኖሩት አቶ ቦና። አቶ ቦና ከኦቦ ገመቹ ጋር በልጅነታቸው አብረው የተማሩ በመሆናቸው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ተስፋዬን የጣልኩት በእሳቸው ላይ ነበር።

በዚህ መሐል «አንድ ጥሪ፣ ብዙ ማቆሚያ» የሚለውን ማስታወቂያዎን አየሁና ደስ አለኝ፤ ቅዳሜ ጠዋትም በእጅ ስልኬ፣ በመነጽሬ፣ ማቆሚያዎቹን አንድ በአንድ ሞላሁ። የላካችሁልኝ ሹፌር ኩመራ ከነመኪናው ደጄ ደረሰ፤ መኪናውን በእጄ ዳስሼ ጸለይኩለትና ሸኘሁት። ከዚያ በኋላ ለሆነው ሁሉ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስሕተቴን ስላረሙልኝ አመሰግናለሁ። እኔ የሞላሁት መጀመሪያ አቶ ቦና፣ ቀጥሎ አቶ ዋቅጋሪ፣ መጨረሻ ጋሼ ኤርሲዶ እንዲነሡ ነበር፤ ምክንያቱም ታላቅ ሰው በየሰው ደጅ ሲዞር አያረፍድም፤ ታናናሾቹ ቤቱ ድረስ መጥተው፣ ወርደው፣ ገብተው በክብር ያወጡታል። ጋሼ ኤርሲዶ ግን የእኔው ጎረቤት ስለሆኑ፣ መኪናው ሂርማታ ወርዶ፣ ጅሬን ወጥቶ፣ እንደገና በቾ ቦሬ መመለሱ ኮምፒውተርዎን የጤና አልመሰለውም መሰል፣ «መንገድዎን አሳጥረንልዎታል» ብሎ ከእሳቸው ጀመረ። ጋሼ ኤርሲዶ ገና ካልሲያቸውን ሲፈልጉ መኪናው ደጃቸው ቆመ። ለነዳጅዎ አሳቢነት ከልብ አድንቄያለሁ።

ሁለተኛ፣ በየማቆሚያው ስለሰጡን የመጠበቂያ ጊዜ አመሰግናለሁ፤ ዳቦ ለሚገዛ ሰው ይበቃል። ጅሬን ሲደርሱ ግን ኩመራ ጡሩምባ ነፍቶ ሽማግሌ አይጠራም፣ ጋሼ ኤርሲዶም መኪና ውስጥ ተቀምጠው ሰው አያስወጡም፤ ስለዚህ ወርደው ገቡ። ከገቡ ደግሞ የአቶ ዋቅጋሪ ባለቤት ሳይቀምሱ አይወጡም ብለው ማሉ። ከቀመሱ በኋላ ለመንገዱ ተጸለየ፤ የጋሼ ኤርሲዶን ጸሎት ደግሞ የሰማ ሰው ያውቀዋል። እርስዎ ለዚህ ሁሉ ቦታ ባይተዉም እንዳላወቁ ቆጥሬ አልፌዋለሁ።

ሦስተኛ፣ ይህኛውን ግን ማለፍ ከበደኝ። ሱቄ ተቀምጬ ሳለሁ ስልኬ ላይ «ጊዜ ስለተላለፈ አንድ ማቆሚያ ተሰርዟል፤ እንኳን ደስ አለዎት፣ ቀድመው ይደርሳሉ» የሚል መልእክት መጣ። ክቡር ሆይ፣ የሰረዛችሁት ማቆሚያ አቶ ቦና ናቸው። ኩመራ ካርታው ያዘዘውን ተከትሎ ወደ ደዶ ታጠፈ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎችም አቶ ቦና መንገድ ላይ ይጠብቁናል ብለው ጨዋታቸውን ቀጠሉ። አቶ ቦና ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው በራቸው ላይ ፀሐይ ሲመታቸው ቆይተው በመጨረሻ ደወሉልኝ፤ «ጸጋ፣ ሰው አማርጠሽ ነው የተውሽኝ?» አሉኝ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ለኩመራ ስደውል ደዶ ሊገቡ ነው፤ ኦቦ ገመቹ የቀጠሩበትም ሰዓት ደርሷል። «ማዘር፣ እኔ ማፑ ያለኝን ነው የሄድኩት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለኝ። ከአቶ ቦና ጋር ለመታረቅ በማግሥቱ ሽማግሌ ወደ ሽማግሌ ላክሁ፤ ይህ በከተማችን የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም፤ ክብሩ የእርስዎ ነው።

ደዶ የሆነውን የነገሩኝ ጋሼ ኤርሲዶ ናቸው። ኦቦ ገመቹ ሁለት ሰው ብቻ ሲወርድ አይተው ፊታቸው ጠቆረ፤ ሦስት ሰው ይመጣል ተብለው ሳለ ለልጃቸው የመጣው ሽማግሌ ጎዶሎ ነው። ጋሼ ኤርሲዶ መዋሸት የማያውቁ ሰው ናቸውና ሁሉንም እንዳለ ነገሯቸው። ኦቦ ገመቹ ግቢው ውስጥ መስታወት የሚወለውለውን ኩመራን አዩት፤ «ሹፌሩስ ሰው አይደለም እንዴ? ሚስት አለው?» ብለው ጠየቁ። ሚስትም፣ ልጆችም እንዳሉት ሲነገራቸው «ጋሪዳ፣ መልካም ነው፤ በሉ ይግባና ሦስት ሁኑ» አሉ። ስለዚህ ኩመራ የድርጅትዎ ስም ደረቱ ላይ የተጻፈበትን ቲሸርት እንደለበሰ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀመጠ።

ተራው ደርሶ ተናገር ሲባልም «ልጁን አላውቀውም፤ የማላውቀውን አልመሰክርም፤ እናቱ ግን መኪናዬን ከነጎማው ባርካ ነው የላከችኝ» አለ አሉ። ኦቦ ገመቹ ሳቁ። ወራት ሙሉ ፊታቸው እንዴት ይፈታ ይሆን ብዬ የተጨነቅሁላቸው ሰው ሳቁ! ይህን ስሰማ ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ልጃቸውን ለመስጠት ግን ገና እሺ አላሉም፤ መልሱን ለሚመጣው ቅዳሜ ቀጠሩ፤ መልስ የሚሰማው ደግሞ የጠየቀው ሰው ስለሆነ፣ የመጡት ሦስቱ ራሳቸው እንዲመለሱ አዘዙ።

አራተኛ፣ እንግዲህ ወደ ዋናው ምስጋናዬ ደረስኩ። ኩመራ ሽማግሌ መሐል ተቀምጦ ሳለ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ደጋግሞ ሲጮህ ነውር ነው ብሎ አጠፋው። እናንተም «ጉዞውን ሳይዘጋ ተሰውሯል» ብላችሁ ከሥራ አገዳችሁት። ስለ እሱ አቤት ስላችሁ የደረሰኝ መልስ «አይጨነቁ፣ ቅርብ ያለ ሌላ ሹፌር እንመድብልዎታለን» የሚል ነበር። ክቡር ሆይ፣ ቅርብ ያለ ሹፌር አላጣሁም። ኦቦ ገመቹ የሚጠብቁት ኩመራን ነው። ያ ሰው ያጠፋው ጥፋት ቢኖር ካርታዎን ማመኑና ታላላቆቹን ማክበሩ ነው፤ በዚህ የተነሣ ልጆቹ እንጀራቸውን ሊያጡ አይገባም፤ ይህን ስጽፍ በቀልድ አይደለም።

ስለዚህ ኩመራን ከቅዳሜ በፊት ወደ ሥራው እንዲመልሱልኝ፣ ለወደፊቱም ኮምፒውተርዎ መንገድ ከማሳጠሩ በፊት ሰውየው ለምን እንደሚዞር አንዴ እንዲጠይቅ እንዲያዙልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ዕድሜዎ እንዲረዝም፣ መንገድዎም እርስዎን ሳይጠይቅ ማንም እንዳያሳጥረው እየተመኘሁ፣
በቸርነትዎ ሽማግሌ ጎድሎባት ሽማግሌ የተተካላት አክባሪዎ፣
ጸጋ፣ ከበቾ ቦሬ

ከፊርማዬ በኋላ፦ ይህን ደብዳቤ ሳላስገባ ኩመራ ራሱ ኮት ለብሶ ሱቄ መጣ። እናንተ ዛሬም እንዳገዳችሁት ነው፤ ለጊዜው የነጋዴ ቡና እያመላለሰ ነው፤ ቅዳሜ ግን ሥራውን ትቶ ደዶ እንደሚሄድ ነግሮኛል። አቶ ቦናም ታርቀው አብሬ እሄዳለሁ ስላሉ የሚያደርሳቸው ሚኒባስ ይዘናል። መኪናዎን አንፈልግም፤ ሰውዎን ግን ወስደናል።