በሕይወት ላለ ልጄ ስለተላከልኝ መርዶ ምስጋና ስለማቅረብ

መጋቢት 1980 ዓ.ም.
ቡሪየን፣ ሲያትል አጠገብ

ለተከበሩ አቶ ዘመድኩን አክሊሉ
የመረዳጃ ማኅበራችን ሊቀመንበር

የተከበሩ ሊቀመንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጉልበትዎ እንዴት እንደሰነበተ እጠይቃለሁ። ባለፈው ረቡዕ ማለዳ የእኔን ደረጃ ሲወጡ እስከ ላይ ድረስ ሲያቃስቱ ስለሰማሁ አሳቤ ከጉልበትዎ አልተለየም። ባለቤትዎ ወይዘሮ የኔነሽ፣ ልጆችዎ፣ ያቺ አዲሷ መኪናዎም ጭምር ደኅና ይሁኑልኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ከደኅናም አልፌ ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም ልጄ አልሞተም። ይህን ደስታ ያገኘሁት በእርስዎ በኩል ስለሆነ ለብቻዬ አመስግኜ ዝም ማለቱ ንፉግነት መስሎ ስለታየኝ፣ ሰው ሁሉ እንዲያነበው አድርጌ ጻፍኩልዎት። አንዳንዱ ፊደል ቢንጋደድ የደስታ ነው ብለው ይለፉልኝ፤ ሌላም ምክንያት አለው፣ እደርስበታለሁ።

ለማያውቀኝ አንባቢ፦ ማንአልሞሽ ሥራዬ እባላለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ በአውሮፕላን ማረፊያው ወጥ ቤት የመንገደኞችን ምግብ በየሳህኑ እደረድራለሁ፣ ወሬም እወዳለሁ። ልጄ ሳህሌ ገብረሕይወት ሄሮንስ በሚባለው፣ በአዳራሽ ውስጥ ኳስ በሚጫወተው ክለብ አማካይ ነው። ለጨዋታ ያህል የሚጫወት አይምሰላችሁ፣ እንጀራው ነው። በሱዳን በኩል እኔና እሱ ተያይዘን መጣን፣ አባቱ አልመጣም።

ይህ ልጅ ባለፈው ማክሰኞ በወጣው ጋዜጣ ላይ ወንድ የሚወድ ወንድ መሆኑን፣ እዚህ አገር ጌይ የሚሉት ማለት ነው፣ ስሙንና ፎቶግራፉን ሰጥቶ ተናገረ። ኳሱንም እንደማይተው ጨመረበት። ለእኔ ከነገረኝ ከርሟል። ከሥራ ሊወስደኝ መጥቶ፣ የቤታችን በር ላይ መኪናውን ፓርክ አድርጎ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ነበር የነገረኝ። አለቀስኩ፣ ተቆጣሁ፣ አኮረፍኩ፣ ጾምም ያዝኩ። ከዚያ አንድ ቀን ካልሲውን ሳጥፍ ልጁ ያው ልጄ ሆኖ አገኘሁትና ኩርፊያው ሰለቸኝ። ለጋዜጣ እናገራለሁ ሲለኝ ግን ከአፌ የወጣው አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ «ይገድሉሃል» አልኩት።

እንግዲህ በዚህ ፍርሃት ላይ ነው እርስዎ የደረሱልኝ። ምስጋናዬን በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ማለዳው ጉብኝት። በእኛ ዘንድ የሰው ሞት በስልክ እንደማይነገር፣ ጎሕ ሳይቀድ ሽማግሌ ፊት ሆኖ፣ ዘመድ ወዳጅ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ እየተጠቃቀሱ በር እንደሚንኳኳ ለእርስዎ አስተማሪ አያስፈልግዎትም። የባለቤቴንም መርዶ አዲስ አበባ ያረዱኝ እንዲሁ ነበር። ረቡዕ ገና ሳይነጋ በሬ ተንኳኳ። በቀዳዳው ሳይ ሽማግሌው ጋሼ ተክለሃይማኖት በዘንጋቸው ተደግፈው ቆመዋል፣ እርስዎ ጥቁር ካፖርትዎን ለብሰዋል፣ ወይዘሮ ፋንታዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ትልቅ ድስት ታቅፈዋል። ከዚያ በኋላ በሩን ማን እንደከፈተው አላስታውስም።

እርስዎም ወጉን ሳያጓድሉ «ሰው ሆኖ የማይደርስበት የለም፣ ጠንከር በይ እንጂ» ብለው ጀመሩ። ቀጠሉና ስለ ኢዮብ ተናገሩ። ስለ ኢዮብ የሚወራው እኮ ልጅ ሲሞት ነው! ምንጣፉ ላይ ወደቅኩ፣ ደረቴን መታሁ፣ «በምን ገደሉት? የት ጣሉት?» ብዬ ጮህኩ። ወይዘሮ ፋንታዬም አብረውኝ አለቀሱ፤ ሰው ሲያለቅስ ዝም ማለት አይችሉም። ጋሼ ተክለሃይማኖት፣ ዕድሜ ይጨምርላቸው፣ «ማንን? ኧረ ማንም አልሞተም! ጋዜጣ ላይ ወጣ እንጂ!» ብለው ባይጮሁ ኖሮ እዚያው ቀርቼ ነበር።

ያን ጊዜ ምን እንዳደረግኩ ያስታውሳሉ። እልል አልኩ። ከታች ያለችው ቬትናማዊት ጎረቤቴ ሠርግ መስሏት በሌሊት ልብሷ ወጥታ አጨበጨበችልን። እኔም ጎንበስ ብዬ ያንን የታመመ ጉልበትዎን ሳምኩ። እርስዎ ወደኋላ ሸሸት ብለው «ሴትዮ፣ አልገባሽም መሰለኝ» አሉኝ። ደኅና አድርጎ ገብቶኛል። ልጅሽ ሞቷል ሊሉ መጥተው፣ አልሞተም ብለው የሚመለሱ መልእክተኞች በየትም አገር ስለማይገኙ እግዚአብሔር ውለታዎን ይክፈልልኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ ንፍሮው። ድስቱ ውስጥ የነበረው የለቅሶ ንፍሮ ስንዴውም ሽምብራውም የተመረጠ ነበር። ሳህሌ ከሰዓት በኋላ መጥቶ፣ ከድስቱ እያፈሰ «ማን ሞቶ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «አንተ» አልኩት። ማኘኩን አቁሞ አየኝ፣ አሰበበት፣ «ኦኬ፣ ጨው ግን አንሶታል» አለና ቀጠለ። ሁለታችንም እስክናነባ ሳቅን። ለወይዘሮ ፋንታዬ ድስታቸው ታጥቦ እንደተቀመጠ፣ ሟቹም ጥርግ አድርጎ እንደበላው ይንገሩልኝ።

ሦስተኛ፣ ስለ ኩባያው። ሳህሌ ሐሙስ ማኅበሩ አዳራሽ ሲገባ የተሰጠው ሻይ በወረቀት ኩባያ ነበር፤ የሌላው ሰው ሁሉ በብርጭቆ። ያ ዓለምን ያስጨነቀ በሽታ በብርጭቆ ጠርዝ ይተላለፋል የሚል ሐኪም ከየት እንዳገኙ ባላውቅም፣ ስለ ጤናችን መጨነቅዎን አደንቃለሁ። አርብ ለእኔም በወረቀት ኩባያ ሰጡኝ። ጠጣሁ። ከጎኔ የተቀመጠውም ሰው ከእኔ እንዳይተላለፍበት ፈርቶ የወረቀት ጠየቀ፤ ከእሱም ጎን ያለው እንዲሁ። እስኪመሽ አዳራሹ በሙሉ የወረቀት ኩባያ ይዞ ነበር። ብርጭቆ የሚያጥበው ማነው እያለ ዓመት ሙሉ ሲጨቃጨቅ የኖረው ኮሚቴ በእርስዎ ጥበብ ሰላም አገኘ።

አራተኛ፣ ስለ ስልኩ። እዚህ ላይ ፊደሌ ለምን እንደሚንጋደድ እነግርዎታለሁ። ከጋዜጣው ወዲህ ስልኬ ይጮኻል፣ አንስቼ ሃሎ ስል አንድ ሰው ጥቂት ተንፍሶ «እግሩን እንሰብረዋለን፣ ንገሪው» ይልና ይዘጋል። ፈረንጅ ቢሆን ኖሮ፣ እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለሆነ፣ ተሳስቼ ይሆናል ብዬ በተጽናናሁ ነበር። ሰውዬው ግን በአማርኛ ነው የሚነግረኝ፤ ያውም ጥርት ባለ አማርኛ፣ እናት እንድትረዳው አስቦ። በማኅበራችን ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ ሲናገር የሰማሁት ድምፅ ይመስለኛል። እንዳልሳሳት ደግሞ እፈራለሁ፤ አለመሳሳቴንም እፈራለሁ። ከዚያ ወዲህ ሰላም ያለኝን ወንድ ሁሉ ድምፁን እየመዘንኩ ነው የምመልስለት። ሳህሌ መኪናውን ሲያስነሳ በመስኮት አያለሁ፣ ሲመለስ የእግሩን ኮቴ እሰማለሁ፤ በሁለቱም እግሩ ከረገጠ እተነፍሳለሁ። ይህን ለእርስዎ የምጽፈው ደዋዩን ያውቁታል ብዬ አይደለም። ከማለዳው መርዶ በኋላ ግን፣ ልጁ እንደሞተ የቆጠረ ሰው እግሩን ለመስበር ምን ያህል ይከብደዋል ብዬ ራሴን ስለጠየቅኩ ነው።

አምስተኛና ዋነኛው፣ ስለ ፊታችን እሁድ።

በክለቡ ውስጥም ነገሩ ማር አልነበረም። ጋዜጣው በወጣ ማግሥት ጓደኞቹ ሁሉ ፎጣቸውን ይዘው፣ ሳህሌ ታጥቦ እስኪወጣ መልበሻው በር ላይ ቆሙ። ሳህሌም ሰው ላለማስቸገር ብሎ ሳይታጠብ በላቡ ወደ ቤት መምጣት ጀመረ። ባለፈው ቅዳሜ ግን የቡድኑ አምበል፣ በሬ የሚያህል ትከሻ ያለው ሰው፣ ቀድሞ ሻወሩ ስር ገብቶ፣ በዚያ አስቀያሚ ድምፁ እየዘፈነ «ውሃው ሞቋል፣ እናንተ ምን ትጠብቃላችሁ? አውቶቡስ ነው?» አላቸው። አንድ ሁለቱ እየተሳሳቁ ገቡ። ሌሎቹ እስካሁን ውጭ ናቸው። ሳህሌ ግን ያን ቀን ታጥቦ መጣ፣ ሳሙና ሳሙና ሸተተኝ፣ እኔም እልል ልል ብዬ ጎረቤቴን አሰብኩና ተውኩት። ያ ሰው የማኅበራችን አባል አይደለም፤ ለሊቀመንበርነት ቢወዳደር ግን እኔ እመርጠዋለሁ።

የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ሳህሌን ጠርቶ የሚመጣውን ዓመት ውል ከእሁዱ ጨዋታ በኋላ እንደሚወስን ነገረው። «እኔ በግሌ ምንም ችግር የለብኝም፣ የምፈራው ተመልካቹን ነው። ለመሆኑ የገዛ ወገኖችህ ይመጣሉ?» አለው። ወገኖቹ ማለት እኛ ነን። ከግቡ በስተግራ ያለውን መደዳ ከበሮ ይዘን የምንሞላው፣ ዘበኞቹ ቁጭ በሉ ብለው የሚለምኑን እኛው ነን። እርስዎም ሳይዘገዩ ማንም የማኅበሩ አባል እሁድ እንዳይሄድ አስነገሩ። ይህም አልበቃ ብሎዎት ለክለቡ ራስዎ ደውለው ይህ ልጅ እኛን አይወክልም አሉ። በምን እንግሊዝኛ እንዳሏቸው አላውቅም፣ ገብቷቸዋል ግን።

ሊቀመንበር ሆይ፣ አምና ከካሊፎርኒያው ቡድን ጋር ሲጫወቱ መጨረሻ ላይ ያገባው ማን ነበር? ወንበር ላይ ወጥተው «የኛ ልጅ! የኛ ልጅ!» ብለው ጮኸው ድምፅዎ ተዘግቶ፣ በማግሥቱ ስብሰባውን በእጅ ምልክት የመሩት እርስዎ አልነበሩም? ያን ጊዜም እኮ ልጁ ያው ነበር። እግሩም ያው፣ ልቡም ያው። ከዚያ ወዲህ የተለወጠው እርስዎ ማወቅዎ ብቻ ነው።

አሁን ልመናዬን ልናገር። ልጄን ይውደዱልኝ አልልም። ይመርቁልኝም አልልም፤ ምርቃትዎን ለልጆችዎ ያቆዩ። እሁድ መጥተው እንደ ወትሮው ይስደቡልኝ። ኳስ ሲነጠቅ «አንተ እንቅልፋም!» ይበሉት፣ ግብ ሲስት «እናትህ ትግባልን!» ይበሉት፣ እኔም እንደ ወትሮው ዞር ብዬ ልገላምጥዎት። በኳሱ የሚሰደብ ልጅ ከተጫዋቾቹ እንደ አንዱ ተቆጥሯል፤ እኔም ከዚህ የበለጠ ክብር አልለምንለትም። የሚያስጨንቀኝ ያ ባዶ መደዳ ነው። ሳህሌ ሜዳ ሲገባ ቀድሞ የሚያየው ወደዚያ ነው፣ ሥራ አስኪያጁም ሳህሌ ወዴት እንደሚያይ ያያል። ወንበሮቹ ባዶ ከሆኑ ውሉ ቀረ ማለት ነው። ያ የስልኩ ሰውዬም ልጁ የማንም እንዳልሆነ ያውቃል፤ የማንም ያልሆነን ልጅ ደግሞ ምን ማድረግ እንደሚቻል እኔና እርስዎ ከአገራችን ይዘነው የመጣነው ዕውቀት አለ።

እኔ እሄዳለሁ። በፊተኛው ወንበር እቀመጣለሁ። እፈራለሁ፣ አልደብቅዎትም፤ ከኋላዬ የሚቀመጠውን ሰው እፈራለሁ፣ ወደ መኪና ማቆሚያው የሚወስደውን መንገድ እፈራለሁ፣ እልል ስል ድምፄ እንዳይቆራረጥ እፈራለሁ። ሆኖም ቤት ተቀምጬ ስልክ ሲጮህ ከምፈራ፣ ልጄን እያየሁ ብፈራ ይሻለኛል።

በጉልበትዎ ላይ ምሕረት፣ በድምፅዎ ላይ ጥራት እንዲወርድልዎ እየተመኘሁ፣ ወደፊት መርዶ ሲያመጡልኝ እውነተኛ ሟች ይዘው እንዲመጡ በትሕትና እያሳሰብኩ፣ እስከ ቅዳሜ ማታ ድረስ ታዛዥዎ ነኝ፤ እሁድ ግን አይደለሁም።

ማንአልሞሽ ሥራዬ
የሳህሌ እናት

ግልባጭ፦
ለማኅበሩ አዳራሽ በር
በሊንውድ ለእናኑ ሱቅ ግድግዳ
በፌደራል ዌይ ለሁለቱም ቤተ ክርስቲያኖች፣ ለኦርቶዶክሱም ለጴንጤውም፣ በዚህ ጉዳይ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለተስማሙ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ጨርሼ ፖስታ ስፈልግ ባለቤትዎ ወይዘሮ የኔነሽ ኮል አደረጉልኝ። «ማንዬ፣ እሁድ ከጎንሽ ቦታ ያዥልኝ፣ ብቻ እፈራለሁ» አሉኝ። እኔም ይምጡ፣ ሁለት ሆነን እንፈራለን አልኳቸው። እርስዎ ያውቁ እንደሆነ ብጠይቃቸው ለመናገር ጊዜ እንዳላገኙ፣ እኔ ስለምጽፍልዎ በዚያው እንዳደርስላቸው አደራ አሉኝ። ስለዚህ የእሁድ ምሳዎ ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ ራስዎ ያሙቁት።