ይስሐቅን ወደ ባሕር የመለስኩት እኔ ነኝ

ለውድ አማቴ ለእማማ እንግዳወርቅ
አዳማ

እማማ፣ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎ? ደረጃ መውጣቱ ተሻለዎት? አባባስ ዓይናቸውን ከታከሙ ወዲህ ጋዜጣቸውን ማንበብ ጀመሩ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ጤና ነን። ሶልያና ቁመቷ ትከሻዬ ሊደርስ ነው። በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ብትመልስልኝም ማታ ስትጸልይ የእርስዎን ስም ትጠራለች።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልዎ ጎረቤታችን ሰአዳ ናት። በስልክ ልነግርዎ ደጋግሜ ደውዬ ስለ ኑሮ ውድነት ብቻ አውርቼ ዘጋሁ። እማማ፣ ይስሐቅ ወደ መርከብ ሥራው ተመልሷል።

ያኔ እያለቀሱ ልጄን ከባሕር አውጪልኝ ያሉኝን አልረሳሁም። ሶልያናም አባቷ ከወር በኋላ ሲመለስ እንግዳ ሆኖባት ከኋላዬ ትደበቅ ነበርና ልመናዎ ለእኔም ምክንያት ሆነኝ። ነዘነዝኩት። ሥራውን ለቀቀና እዚህ አሌክሳንድሪያ፣ አንድ ሆቴል ሥር ያለ የመኪና ፓርኪንግ ተቀጠረ። እርስዎም መረቁኝ።

መርከቧን የሚያሠራው ኩባንያ የራሱ ነዳጅ የለውም፤ ባሕር ላይ ጉድጓድ የሚቆፍሩ መርከቦችን ከነሠራተኞቻቸው ለነዳጅ ድርጅቶች ያከራያል። ይስሐቅ እንደሚለው የጀመሩት ሉዊዚያና ረግረግ ውስጥ፣ አንድ አሮጌ ጀልባ ላይ መቆፈሪያ ጭነው ነው። እያደር ወደ ጥልቁ ገቡ። የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ ደግሞ በዕዳ ፍርድ ቤት ቆሙ፤ መርከቦቻቸውን ወደብ ላይ አስረው ብዙ ሰው በተኑ። እሱ የሚሠራባት መርከብ ስትቆፍር መልሕቅ አትጥልም። ማዕበሉ እየገፋት፣ በሞተሮቿ ብቻ ከጉድጓዱ በላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ሞተሮቿን የሚያሠራው መብራት ከጠፋ ትንሸራተታለች፤ ልጅዎ የሚጠብቀው ያንን መብራት ነው። ይህን ሲያስረዳኝ ፊቱን ቢያዩት!

በነሐሴ ፍሬዘር የሚባል የመርከብ ጓደኛው ኮል አደረገልኝ። ኩባንያው ታስራ የቆየችውን መርከብ ለሥራ እያዘጋጀ እንደሆነ፣ ይስሐቅን ጠርተውት እምቢ እንዳላቸው ነገረኝ። ይስሐቅ ለእኔ ትንፍሽ አላለም። እኔም ዝም ብል ነገሩ ያልፋል ብዬ የሰማሁ አልመሰልኩም።

አንድ ቀን ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ሥራዬ ቀደም ብዬ ወጥቼ ልወስደው ሄድኩ። የፓርኪንጉ በር ሞተር ተበላሽቶ መኪና ተሰልፏል። ይስሐቅ ሳጥኑን ከፍቶ፣ ተንበርክኮ ሽቦውን ያያል። አለቃው መጣና ቴክኒሻን እንደተጠራ፣ የእሱ ሥራ ቲኬት መቀበል እንደሆነ ነገረው። የአለቃው አነጋገር ቁጣ እንኳ አልነበረበትም። ይስሐቅ ክዳኑን መልሶ ገጠመ፤ እጁን ጠርጎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ቀና ሲል አየኝና ፈገግ አለልኝ። እኔ እንዳላዝን ብሎ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ስንቴ እንዲያ እንዳደረገ እያሰብኩ አፈርኩ።

መኪና ውስጥ ስንገባ፣ "ደውልና እሺ በላቸው" አልኩት። ቀበቶውን አሰረ። ከዚያ "ለእማዬ ማን ይነግራታል?" አለኝ። "እኔ እነግራቸዋለሁ" አልኩት።

ባለፈው እሑድ ሸኘነው። ሶልያና ሻንጣውን ይዛ አልለቅም ብላ አለቀሰች፤ እኔን እስከ ዛሬ አኩርፋኛለች። ልክ ናት። የእርስዎን አደራ በላሁ፣ የእሷንም አባት ሰደድኩ። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ቤት ውስጥ መቀመጫ አጣለሁ። አንድ ነገር ቢሆን በምን ዓይኔ እንደማይዎ አላውቅም። ይቅር ይበሉኝ ለማለት እንኳ ድፍረቱ የለኝም።

ይስሐቅ ደብዳቤው ሳይደርስዎ አልደውልም ብሏል፤ ፈርቶ ነው። ሲደውል እባክዎ ያንሡለት፣ ድምፅዎንም አያክብዱበት። ሊቆጡኝ ሲፈልጉ ግን በማንኛውም ሰዓት ይደውሉልኝ። ሥራ ላይም ብሆን አነሣለሁ።

የአባባን ጉልበት ይሳሙልኝ። ዓብዩንና ባለቤቱን፣ ትንሹን ማሙሽን፣ ግቢ የተከራዩትንም ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ።

ልጅዎ ሰርክአዲስ
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.