በሁለት እግር መነሣት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5 ቀን 1976

ዛሬም በመረብ ኳስ ልምምድ ኳሷን ልመታ ስዘል መረቡን በደረቴ መታሁት። ሦስት ጊዜ። ልጆቹ ሳቁ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን አረረ። አሰልጣኛችን ጋሽ በላይ «ሩቅያ፣ ወደ ላይ እንጂ ወደ ፊት ማን ዝለዪ አለሽ?» አሉኝ። በአንድ እግሬ ስለምነሣ ሩጫው ይዞኝ ይሄዳል። በሁለት እግር ተነሺ፣ ተረከዝሽን አስቀድሚ፣ ጉልበትሽን እጠፊ፣ ክንድሽን ከኋላ ወደ ላይ ወርውሪ ይሉኛል። ይኸ ሁሉ በአንድ ጊዜ!

ምርጫው ቅዳሜ ነው። ለምንሠራበት ፋብሪካ ቡድን የተመረጠች ቋሚ ሠራተኛ ትሆናለች ይላሉ። እኔ ጊዜያዊ ነኝ። ካልተመረጥሁ ወደ ቁንዝላ፣ ወደ አባባ ቤት መመለሴ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 6

ከሥራ መልስ ሐይቁ ዳር ሣሩ ላይ ብቻዬን ተለማመድሁ። ሁለቱን እግሬን ሳጣምር ሰውነቴ እምቢ ይላል። ለምን? ቆይቶ ገባኝና በራሴ ሳቅሁ። ያደግሁት ከአባባ ጀልባ ወደ ዳር ድንጋዩ እየዘለልሁ ነው። «ረግጠሽ አትግፊያት፣ ትሸሽሻለች፤ በአንድ እግርሽ ቀለል ብለሽ እለፊ» ይለኝ ነበር። ለካ መሬቱንም እንደ ጀልባ ነው የምፈራው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 7

ለጋሽ በላይ ነገርኋቸው። ሳይስቁ ሰሙኝ። «መሬቱ የትም አይሄድብሽም፤ አምርረሽ ርገጪው» አሉ። ጣቴን ጠመኔ አስነክተው ግድግዳው ሥር አስዘለሉኝ። መጀመሪያ በአንድ እግር፣ ከዚያ በሁለት። የሁለተኛው ምልክት በአራት ጣት በለጠ። ደስ አለኝ።

ቤት ስገባ ግን ግራ ጉልበቴ አብጧል። ስነሣ በሁለት፣ ሳርፍ አሁንም በአንድ። ከድሮው ከፍ ብዬ ስለምወርድ ክብደቴን ሁሉ እሱ ተሸከመው።

ዓርብ፣ ኅዳር 8

ከሥራ በኋላ የፋብሪካው የፖለቲካ ውይይት ክበብ ነበር። ስለምን እንደተወራ አላውቅም። ስነሣ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ብናገር ያስቀሩኛል። ባልናገር ነገ መረቡ ሥር እወድቃለሁ። ፈርቻለሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 9

ጉልበቴን በጨርቅ ጠፍሬ ገባሁ። መረቡን አንዴም አልነካሁም። ከተመረጡት ስሜ አምስተኛ ሆኖ ተነበበ። ልጆቹ ሲያቅፉኝ ግን ማልቀስ አማረኝ።

ሁሉም ሲሄዱ ቀረሁና ለጋሽ በላይ ጉልበቴን አሳየኋቸው። አፌን ምን እንደከፈተው እንጃ። ዳበሱት። ከኪሳቸው የተመረጡት ስም ያለበትን ወረቀትና እርሳስ ሲያወጡ ሊሰርዙኝ ነው አልሁ። ከስሜ አጠገብ የሆነ ነገር ጻፉና ወረቀቱን አጣጥፈው መለሱት።

«ሐኪም ቤት ታይተሽ ረቡዕ ነይ። መዝለል የለም፤ አወራረድ ነው የምትማሪው።»

ምን እንደጻፉ አልጠየቅሁም። ስሜን ግን አልሰረዙትም፤ እጃቸውን ሳይ ነበር።