አገጭ ድረስ የደረሰው ጠረጴዛ

ለምወድሽ ለታናሽ እህቴ፣ ለእናቴ ልጅ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? ደረጃውን ትወጪዋለሽ ወይስ አሁንም ግድግዳ ተደግፈሽ ትረግሚዋለሽ? ያ ጥርስሽ ተነቀለ? ባልሽስ ማንኮራፋቱን ተወ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ወገቤን ትንሽ ይዞኛል እንጂ ምላሴ እንደሆነ ታውቂዋለሽ፣ ታሞ አያውቅም። ናፍቆትሽ ግን አላስቀምጥ አላስተኛ ብሎኛል። ጽሑፌን ዶሮ ጫረችው ብለሽ እንዳትስቂ፤ ዶሮዋ እኔ ነኝ፣ ቀስ እያልሽ አንብቢው።

ያ የአማቼ ብየዳ ቤት ትዝ ይልሻል? ባለፈው ስትመጪ በሩ ላይ ቆመሽ፣ አፍንጫሽን ይዘሽ፣ አልገባም ያልሽው? ምግብ ቤት ሆነልሽ። ሰው በርና መስኮቱን ተሠርቶ ያለቀ እየገዛ፣ የብየዳ ሥራው ከደረቀ ቆይቷል። አማቼም ሩቅ አገር ለበያጅ ሥራ አለ የሚል ወሬ ሰምቶ ሻንጣ ገዝቶ መጣ። ሻንጣዋንም ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሰቀላት፣ በገባን በወጣን ቁጥር እንድታፈጥብን። ልጄ ደግሞ እጇን ታውቂዋለሽ፣ ድንጋይ ብትቀቅል ይበላላታል። ቤቱን ምግብ ቤት እናድርገው፣ ሰው እምቢ ካለን ያኔ ትሄዳለህ አለችው። እሺ አለ። እኔ ግን ሻንጣዋን ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ። አንቺን የወሰደ መንገድ እሱንም ሊወስድብኝ ነው እላለሁ። እሱ ከሄደ የዚህ ቤት ሳቅ አብሮት ነው የሚሄደው።

ሥራውን ባየሽ፣ እህቴ። ወለሉ የተቃጠለ ዘይት ጠጥቶ ጠጥቶ ከሰል መስሎ ነበር። እኔና ልጄ በአመድና በፈላ ውሃ ፈተግነው፣ በሳሙና ደገምነው፣ ደግሞ ፈተግነው። ወገቤን የያዘኝም ያኔ ነው። ከጣሪያው ጥላሸት ሲረግፍብን የልጅ ልጄ እኔኑ አይታ አያቴ የት ሄደች ብላ አለቀሰች። ግድግዳውን ኖራ ቀባነው። አማቼ ሞተር ያነሳበት በነበረው ሰንሰለት ላይ አምፖሎች አንጠለጠለበት፤ ሲበሩ ሠርግ ቤት ይመስላል። ምድጃው ጥግ ላይ፣ እቃ ማጠቢያው መስኮቱ ሥር ሆነ። እኔ የማልገባበት ነገር የለም አይደል፣ መስኮቱ ይስፋ፣ መንገዱ ይታየኝ አልኩ። ሰፋ።

ጠረጴዛውን ግን አማቼ ማንም አይንካብኝ አለ። የድሮውን ትልቁን የብረት በር አጋደመው፣ እግር በየደለት፣ ጣውላ አለበሰው። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ነው። ስንዞረው፣ እጃችንን ስናሳርፍበት፣ እንዴት ያምራል እያልን ከረምን። ዕድሜ ልኩን ቆሞ የሠራ ሰው ቁመቱን በምን ይለካል? በራሱ እንብርት ለካው፣ ልክ እንደ ብየዳ ጠረጴዛው። ወንበሮቹ ከአናጺው ዘንድ የመጡት ደግሞ በምንከፍትበት ቀን ጠዋት ነው።

ሰፈሩን ለቅምሻ ጠርተናል። እንግዳው ሁሉ ቁጭ ሲል ምን ልበልሽ፣ አገጩ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ጡረታ የወጣው አስተማሪ ሾርባ ሊጠጣ ክንዱን ሽቅብ ሲሰቅል መስኮት የሚያንኳኳ መሰለ። የልጅ ልጄማ ጭራሽ አትታይም፣ ማንኪያዋ ብቻ ብቅ ጥልቅ ትላለች። ሳቄን ልዋጥ ብል ሾርባው በአፍንጫዬ ወጣ። አማቼን ሳየው ግን ሳቁ እዚያው ቀረ። ፊቱ አመድ መስሏል። ወደ ጓዳ ገባ፣ ተከተልኩት።

«እማዬ፣ እኔ ብረት እንጂ ሰው ማስቀመጥ አላውቅበትም። ሻንጣዬን ላውርድ» አለኝ።

ያቺ የማትታመመው ምላሴ ታሰረች።

ይሄኔ ማዶ ያለው ጎማ ጠጋኝ ከነጓደኞቹ፣ ግሪስ በጠጣ ቱታ፣ ደረሰ። ልጄ ወንበር ስትስብለት፣ በዚህ ልብስ አዲስ ወንበር አላበላሽም፣ እጄን ብቻ ልታጠብ አላት። ታጥቦ መጣና ክርኑን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ፣ እንደቆመ፣ ዳቦውን ሾርባው ውስጥ እየነከረ ይበላ ጀመር። ልክክ አለለት። ጓደኞቹም ጎኑ ተደረደሩ።

«ሌላ ቦታ በር ላይ ነው የሚሰጡን። በቱታዬ ገብቼ ሳልሸማቀቅ ስበላ ዛሬ ገና ነው። ይሄን የሠራው ሰው የኛን ነገር ያውቃል» አለ።

አማቼ ከጓዳ ሰማው። አየኝ፣ አየሁት። ምላሴም ተፈታች፦ በል ግማሹን ቁረጥ፣ ግማሹን እንዳትነካ አልኩት። በማግስቱ ለሁለት ከፈለው። በምድጃው በኩል ያለውን አሳጥሮ ለተቀማጭ፣ በበሩ በኩል ያለውን ረጅም ትቶ ለቋሚ። ከተቆረጠው እግር ለኔ ዝቅ ያለች መቀመጫ በየደልኝ፤ እሷ ላይ ሆኜ ሽንኩርት እየላጥኩ ወጪ ወራጁን አማለሁ። አሁን ምሳ ሰዓት ላይ በበሩ በኩል ትከሻ ለትከሻ ነው የሚበሉት፣ ሳቃቸው ቆርቆሮውን ያንቀጠቅጠዋል። አንቺም ስትመጪ አፍንጫሽን ሳትይዢ ትገቢያለሽ፤ ጉልበትሽ አልታጠፍ ካለም ቆመሽ ትበያለሽ።

ባልሽን እስከዚህ ድረስ ሲያንኮራፋ ይሰማኛል በይልኝ። ትልቋን ልጅሽን ጉንጯን፣ ትንሹን ግንባሩን ሳሚልኝ። ለአማትሽ እጅ ነስታለች በይልኝ፤ ጥርስ የማይጠይቅ ሾርባ አለን በያቸው። ልጄ እቅፍ አድርጋ ስማሻለች። የልጅ ልጄ አሁን ከነአንገቷ እየታየች ሰላም ትልሻለች።

አማቼም ሰላም ብሎሻል። ትናንት ሽንኩርቱን እርጥበት ፈጀው፣ ደረቅ ማስቀመጫ አጣን ብለን ስናማርር፣ ሄዶ ሻንጣዋን ከቁም ሳጥኑ አናት አወረዳት። ሊሄድ ነው ብዬ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። ዚፗን ከፈተና ሽንኩርቱን ሞላባት፤ ምድጃው አጠገብ ወሸቃት። ይሄን የምጽፍልሽ እግሬን እሷ ላይ ሰቅዬ ነው።

ታላቅ እህትሽ
ከበፊቱ ብየዳ ቤት፣ ከሰፊው መስኮት ሥር
እሁድ ጠዋት፣ ምድጃው ሳይለኮስ